ጋሼ የሰቀሉት ቦይለር

ቦይለር መቀየር ያለበት መቼ እንደሆነ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዕቃው ራሱ ይናገራልና። መጀመሪያ ውሃ ለማሞቅ የሚፈጅበት ጊዜ ይረዝማል። ቀጥሎ ጠጠር እንደገባበት ጣሳ መንኳኳት ይጀምራል። ከዚያ የሻይ መልክ ያለው ውሃ ይሰጣችኋል። ከዚያ ከሥሩ ጠብ ጠብ ይላል። በመጨረሻም የቤቱን መብራት ድርግም ያደርጋል። የኔ ቦይለር እነዚህን ምልክቶች አንዱን እንኳ ሳይዘል፣ እንደ ጥሩ አስተማሪ፣ በየተራ አሳይቶኛል። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልገባኝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰነፍ ስለሆነ ነው ትሉ ይሆናል። ስንፍናዬን አልክድም፤ ባለቤቴ ጽጌም ካስፈለገ ምስክር ትሆናችኋለች። በዚህ ጉዳይ ግን ጥፋቱ የስንፍና ብቻ አልነበረም። ቦይለሩን የሰቀሉት ጋሼ ናቸው።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ናቸው። በአሥራ ስምንት ዓመት ይበልጡኛል። አባታችን ሲሞት የአራት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ፣ አባት ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ የዕቃ ቦርሳ በትከሻው ያንጠለጠለ፣ እጁ የማሽን ዘይት የሚሸት ጎረምሳ ነው። ነፋስ ስልክ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ቧንቧም፣ ኤሌክትሪክም፣ ብየዳም ይችላሉ። ከፋብሪካ ሲወጡ ደግሞ በየሰዉ ቤት እየዞሩ ይሠሩ ነበር፤ እኔን ያስተማረኝ የሰው ቤት ቧንቧ ነው ብል አልዋሸሁም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጋሼ ያበላሹት ሥራ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከወረቀትና ከስቴፕለር በቀር የያዝኩት ዕቃ የለም። አምፖል ስቀይር ጽጌ በሩ ላይ ቆማ ትጸልያለች። ጋሼ መዳፌን ገልብጠው ያዩና "ይሄ እጅ ለሰላምታ ብቻ ነው የተፈጠረው" ይላሉ። ስድብ አይደለም፤ እንዲያውም ትንሽ ኩራት አለበት። ወንድማቸው እጁ እንዳይሻክር ነው እሳቸው የለፉት።

ሀና ማርያም ያለው ኮንዶሚኒየም የደረሰን ጊዜ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል ዳቦ ይዞ መጣ። ጋሼ ቦይለር ይዘው መጡ። አራት ፎቅ ደረጃ በትከሻቸው ተሸክመውት ሲወጡ "ላግዝዎ" ብዬ ከኋላ ብከተል፣ "አንተ በር ክፈት" አሉኝ። በር ከፈትኩ። ግድግዳውን በስተው፣ ብረቱን አስረው፣ ቀጥ ማለቱን ግማሽ ውሃ ባለው ጠርሙስ ለክተው ሰቀሉት። በነጋታው ጠዋት ጽጌ ከሻወር ስትወጣ "ጋሼን እግዚአብሔር ይስጣቸው" አለች፤ ከዚያም ለአሥራ ሁለት ዓመት በየጠዋቱ ስትል ኖረች።

መንኳኳት የጀመረው በአሥራ ሦስተኛው ዓመት ነው።

ደወልኩላቸው። ጋሼ ያኔ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ነፋስ ስልክ ባለው አሮጌ ቤታቸው ከልጃቸው ከሶስና ጋር ነበር የሚኖሩት። ሁለት ታክሲ ይዘው፣ ያንኑ ቦርሳ አንጠልጥለው መጡ። ቦይለሩን ከፍተው አንድ ሳፋ ሙሉ ነጭ የድንጋይ ቅርፊት ከውስጡ ዛቁ። ጽጌን ጠርተው አሳዩዋት። "ሆዱን ድርቀት ይዞት ነው" አሏት። ዘጉት፣ አበሩት፣ ሞቀ። ምሳ በላን። ሲሄዱ ደረጃው ላይ ቆም ብለው "ስንተኛ ፎቅ ነው እናንተ ያላችሁት?" ብለው ጠየቁኝ። አራተኛ አልኳቸው። ለቀልድ መሰለኝ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል፤ እኔንም ያሳሳቀኝ ከዚያ ደረጃ ጀምሮ ነው።

ሁለተኛው ብልሽት ከሦስት ወር በኋላ መጣ፤ ጋሼም መጡ። ሙሉ ከሰዓት ከሠሩ በኋላ "አለቀ" አሉና እጃቸውን ታጥበው ሄዱ። ጽጌ ሻወር ገባች፤ ገና ከመግባቷ ወጣች። ውሃው በረዶ ነው። ትንሽ ቆይቼ እኔ ሽንት ቤት ገባሁ። የመጸዳጃውን ውሃ ስለቅ፣ እናንተዬ፣ እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ጋሼ ቱቦዎቹን አቀያይረዋቸው ነው፤ የሰውን ሙቅ ውሃ ለመቀመጫው፣ የመቀመጫውን ቀዝቃዛ ለሰው። እንደኛ ቤት መጸዳጃ የተከበረ መጸዳጃ በመላው ላፍቶ አልነበረም።

"ደውልላቸውና ይምጡ" አለች ጽጌ።

"ምን ብዬ?"

"የሆነውን ነዋ።"

አልቻልኩም። ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ጋሼን ተሳስተዋል ማለት ለኔ የአባትን ቆብ በሰው ፊት እንደ ማውለቅ ነው። ስለዚህ ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ በምስጢር ፈለግሁ። ሰው ሚስቱን ደብቆ ሌላ ሴት ይወዳጃል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እኔ ወንድሜን ደብቄ ቧንቧ ሠራተኛ ያዝኩ።

ስሙ በረከት ነው። ከወላይታ የመጣ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሲሠራ ዝቅ ባለ ድምፅ መዝሙር የሚያንጎራጉር ዝምተኛ ሰው። ቱቦዎቹን በሃያ ደቂቃ ወደ ቦታቸው መለሰ። ከዚያ ቦይለሩን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ።

"ወንድሜ" አለኝ፣ "ይሄ ውስጡን ዝገት በልቶታል። ዛሬ ብሠራው ነገ በሌላ በኩል ይቀደዳል። ይቀይሩት።"

"መቀየር አልችልም።"

"ለምን?"

"ወንድሜ ናቸው የሰቀሉት።"

በረከት ዓይኑን ወደ ቦይለሩ፣ ከዚያ ወደኔ መለሰ። ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጋሼ በመጡ በማግስቱ በረከት ይመጣል። ጋሼ ያበላሻሉ፣ በረከት ያስተካክላል፣ እኔ ለሁለቱም አመሰግናለሁ። ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ጋሼ ደውለው "እንዴት ነው ይሞቃል?" ሲሉ "እሳት ነው ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ" እላለሁ። በስልኩ ውስጥ ፈገግታቸው ይሰማኛል።

አንድ ጊዜ በረከት ቦይለሩን ከፍቶ እጁን ሰደደና መነጽር አወጣ።

"የማን ነው?" አለኝ።

የጋሼ መነጽር ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠፋብኝ ብለው ነፋስ ስልክ ያለውን ቤት ሲያስገለብጡ የከረሙት መነጽር። ጎንበስ ብለው ሲሠሩ ከደረት ኪሳቸው ሾልኮ ገብቷል፤ እሳቸውም ክዳኑን ገጥመው በብሎን አጥብቀውበታል። በየቀኑ እየፈላ ከርሞ መስተዋቱ እንደ ወተት ነጥቷል። ሶፋ ሥር አገኘሁት ብዬ ወሰድኩላቸው። አደረጉት፤ ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ዓይኔ ብሶበታል" አሉ ቀስ ብለው። "እንግዲህ አርጅቻለሁ ማለት ነው።"

መነጽሩ ተቀቅሎ ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በነጋታው ሶስና አዲስ አሠራችላቸው፤ እኔ ግን ያን ቀን ያልኩትን ውሸት ሳስበው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል።

በዚህ መሀል ከታች ያሉት ጎረቤታችን ወይዘሮ ሙሉነሽ መውጣት መውረድ ጀምረዋል። ጣራቸው ላይ የኛ ቦይለር የሚያንጠባጥበው ውሃ እድፍ ሠርቶባቸዋል። የማይቆጡ ሴት ናቸው፤ እሱ ነው የባሰው። በር ያንኳኩና "ደህና ዋላችሁ ጎረቤት፣ ሎሚ የምታክለው ዛሬ ብርቱካን አክላለች" ብለው ይወርዳሉ። በሌላ ሳምንት "ድፎ ዳቦ ደርሳለች" ይላሉ። እኔም ይቅርታ ጠይቄ አንድ ሳፋ ከቦይለሩ ሥር አስቀምጣለሁ። ሳፋው ሲሞላ ልብስ እናጥብበታለን፤ በሰፈራችን ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነውና የሚመጣው፣ የሚያንጠባጥብ ቦይለርም ቢሆን የሚናቅ አይደለም።

አንድ ቅዳሜ በረከት ሻወር ቤት ውስጥ ዕቃውን ዘርግቶ እየሠራ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። ሳይደውሉ መጥተው አያውቁም ነበር።

በረከትን ጎትቼ ሳሎን አስቀመጥኩት። "የጽጌ ዘመድ ነው" አልኩ፤ ጽጌ ከወጥ ቤት ቀና ብላ አየችኝ። ጋሼ ደግሞ ዘመድ ሲባል የማያልፉ ሰው ናቸው። ጨብጠውት ተቀመጡና "የማን ልጅ ነህ አንተ? በእናት ነው በአባት?" ጀመሩ።

በረከት ወደኔ ዞሮ በሹክሹክታ "ወንድሜ፣ እኔ አልዋሽም" አለኝ።

"እንግዲያ ዝም በል" አልኩት።

ዝም አለ። ጋሼ ስለ አገሩ ጠየቁት፣ ዝም። ስለ ሥራው ጠየቁት፣ ዝም። በመጨረሻ ወደ ጽጌ ጎንበስ ብለው "ይሄ ልጅ አፉ አይፈታም እንዴ?" አሉ በሐዘኔታ። ጽጌ ሳቋንም ቁጣዋንም ይዛ ወጥ ቤት ገባች። በረከት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል።

ጋሼ ሊታጠቡ ሻወር ቤት ገቡ። ወለሉ ላይ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የቧንቧ ቁልፍ ተደርድሯል።

"የማን ነው?"

"የኔ ነው" አልኩ። ምን ልበል?

ለረጅም ጊዜ ዕቃዎቹን አዩ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼው በማላውቀው ዓይን አዩኝ። "ልትማር ነው?" አሉ።

"አዎ ጋሼ።"

ወንበር አስመጡና ተቀመጡ። ያን ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማሩኝ። ቁልፍ እንዴት እንደሚያዝ፣ ክር እንዴት እንደሚጠመጠም፣ ብሎን ከመፍታት በፊት መብራት እንደሚጠፋ። ደስታቸው ከፊታቸው ላይ አሥር ዓመት ቀንሶ ነበር። "ቀዩ ምልክት የሙቁ መውጫ ነው፣ ሰማያዊው የቀዝቃዛው መግቢያ" አሉኝ። ትንሽ ቆይተው "ቀዩ መግቢያ ነው" አሉ። እኔ ምን አውቄ፣ ራሴን ነቀነቅሁ። ሦስተኛው ላይ ጣታቸውን አንስተው ቆሙ። ጣታቸው ከቀዩ ወደ ሰማያዊው፣ ከሰማያዊው ወደ ቀዩ ሄደ። ከዚያ ዞረው ተማሪ አስተማሪውን እንደሚያይ አዩኝና "የቱ ነበር የሚገባው?" አሉኝ።

በሩ ላይ ቆሞ የነበረው በረከት ነው የመለሰው። "ሰማያዊው ነው አባቴ።"

ጋሼ ቀና አሉ። "ይናገራል እንዴ" አሉ። ከዚያ "አዎ፣ ሰማያዊው ነው። ጎበዝ" አሉት።

በረከትን ስሸኘው ደረጃው ላይ ቆመ። "የቦይለሩን ነግሬዎታለሁ፤ አልደግመውም" አለኝ። "ወንድምዎን ግን ሐኪም ይያቸው። አባቴን እንዲህ ነው የጀመራቸው።"

"እርጅና ነው" አልኩት። "ጋሼ ድሮም ዝንጉ ናቸው።"

ጋሼ ድሮ ዝንጉ አልነበሩም። የፋብሪካውን የቧንቧ መስመር ሁሉ በቃላቸው የያዙ ሰው ነበሩ። እኔ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ሆኖም ለበረከት ስመልስለት ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት የማውቀው ለሰው ልመክርበት ነው መሰለኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን አንድ ቅዳሜ ላይ ደረስን። ጽጌ ብስራተ ገብርኤል ለቅሶ ልትደርስ ሄዳለች። ውሃ ከጠፋ ስድስተኛ ቀኑ ነው፤ የሕንፃው ሰው ሁሉ ባዶ ጀሪካን ደርድሮ ይጠብቃል። እኛ ጣሪያ ላይ ታንከር ስላለን እንደ ባለጸጋ ነን። ጋሼ በጠዋት መጡ። ቦይለሩ ከሥሩ ጠብ ጠብ ሳይሆን ፈሰስ ማለት ጀምሮ ነበርና አዩት፣ ቦርሳቸውን አወረዱ።

"መጀመሪያ ምሳ እንብላ" አልኳቸው። "ሥጋ ገዝቼ ልምጣ። እስክመጣ እንዳይነኩት፣ አደራ።"

"እሺ" አሉ። ቴሌቪዥን ከፈትኩላቸው። በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ሥጋ ቤቱ ሰልፍ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ፣ ፌስታሌን አንጠልጥዬ ወደ ሕንፃው ስገባ ደረጃው ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጀሪካን የያዘ፣ ባልዲ የያዘ፣ አንዷማ ድስት ይዛለች። ውሃ ከላይ እንደ ወንዝ ደረጃ በደረጃ እየዘለለ ይወርዳል። ሰዉ በየደረጃው ጎንበስ ብሎ በጣሳ እየጨለፈ ይቀዳል። ማንም አልተቆጣም። አንድ ሽማግሌ "ከየት ነው የመጣው?" ቢሉ ሌላው "ዝም ብለው ይቅዱ፣ ሲጠየቅ ይቆማል" አላቸው። ወይዘሮ ሙሉነሽ በራቸው ላይ ቆመዋል። ጣራቸው ለእድፍ አልበቃ ብሎ ቤታቸው ውስጥ ዝናብ ይዘንባል።

"ጎረቤት" አሉኝ፣ "ዛሬስ ዳቦ አይደለም፤ ጣና ነው።"

ልስቅ ነበር። ከዚያ መብራቱ ትዝ አለኝ። ጋሼ ውሃ ውስጥ ቆመው፣ ሽቦው ክፍት ሆኖ። ፌስታሉን የት እንደጣልኩት አላውቅም። አራት ፎቅ እንዴት እንደወጣሁም አላውቅም። በሩን ከፍቼ መጀመሪያ የሮጥኩት ግድግዳው ላይ ወዳለው የመብራት ማጥፊያ ሳጥን ነው። ከፈትኩት።

ጠፍቷል። የቦይለሩ መስመር ብቻውን ተለይቶ፣ ወደ ታች ተደርጎ ጠፍቷል። አእምሮአቸው ውሃውን መዝጋት ረስቷል፤ እጃቸው ግን መብራቱን ማጥፋት አልረሳም። እዚያው ሳጥኑ ሥር ግንባሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ትንሽ ቆምኩ።

ውሃው የት እንደሚዘጋ የማውቅ እንዳይመስላችሁ። አሥራ አምስት ዓመት ኖሬበት የቤቴን መዝጊያ አላውቀውም። ተከትለውኝ የወጡት ወይዘሮ ሙሉነሽ ናቸው ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ አግኝተው የዘጉት። ከታች ደረጃው ላይ "ቆመ" የሚል የቅሬታ ድምፅ ተሰማ።

ጋሼ ሻወር ቤት ውስጥ ናቸው። የመጸዳጃው ክዳን ላይ ተቀምጠዋል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሷል፣ ሸሚዛቸው ደረታቸው ላይ ተለጥፏል። በቀኝ እጃቸው የፈቱትን ብሎን ጨብጠው ይዘዋል። ስገባ ብድግ አሉ፤ እንደ ተያዘ ሰው።

"ባለቤቱ መጣ?" አሉኝ።

"የማን ባለቤት፣ ጋሼ?"

"የቤቱ ነዋ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አበላሸሁበት። በሕይወቴ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። እሱ ሳይመጣ እናድርቀው፤ አንተ ወለሉን ያዝ፣ እኔ ይሄን ልግጠም።"

የፋብሪካ ባልደረባቸው አድርገው ነው ያዩኝ። ማን ይሆን? ምናልባት እኔን ለማስተማር በየሰዉ ቤት ሲዞሩ አብሯቸው የሚሠራ ሰው። እኔ ነኝ፣ ቤቱ የኔ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን አየሁና ተውኩት።

"ይቆጣል ብለህ ነው?" አሉ።

"አይቆጣም።"

"ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ። ደግ ሰው ነው።"

"ደግም ቢሆን" አሉ፣ "የሰው ቤት ነው። ወንድሜን የማስተምረው በዚህ ነው። አበላሸ ከተባልኩ ማን ይጠራኛል?"

ጫማዬን አወለቅሁ። ጨርቅ አመጣሁና ጎንበስ አልኩ። ጋሼም ጎንበስ አሉ። ወይዘሮ ሙሉነሽ በሩ ላይ ቆመው አዩን፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከሳሎኑ ጥግ መወልወል ጀመሩ። የሳቸው ቤት ታች እየዘነበበት እሳቸው የኔን ቤት ወለወሉ። ጎረቤት ማለት ምን እንደሆነ የሚጽፍ ሰው ካለ እኔ ጋ ይምጣ።

ጨርቁን ስጨምቅ እያለቀስኩ ነበር። ውሃ በበዛበት ቤት ግን ማን ያያል?

ደውዬላት ሶስና በታክሲ መጣች። አባቷን ደረቅ ልብሴን አልብሼ፣ ሻይ ሰጥቼ ሳሎን አስቀምጫቸዋለሁ፤ ዕንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸዋል። በረንዳ ላይ ወጣን። የሆነውን ሁሉ፣ ስለ ቱቦውም፣ ስለ መነጽሩም፣ ስለ በረከትም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር።

"እኔም ደብቄህ ነበር፣ አጎቴ" አለችኝ። "ከዓመት በፊት ነው ያወቅሁት። ሁለቴ የገዛ ቤቱ ጠፍቶበት ሰው አምጥቶታል። አንተ ጋ ሲመጣ ኪሱ ውስጥ ስልክ ቁጥሬን ጽፌ እከትለታለሁ፤ ታክሲም የማሳፍረው እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን ትልኪያቸው ነበር?"

"አንተ ስትደውል ስለሚነሳ ነዋ። የአንተ ቦይለር ተበላሸ ሲባል ቱታውን ያስተኩሳል፣ ጢሙን ይላጫል። ሌላውን ቀን ግድግዳ ሲያይ ነው የሚውለው። እኔማ ቦይለርህ እንዳይድን እጸልይ ነበር።"

ሁለታችንም ከት ብለን ሳቅን። ከዚያ እሷ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች፤ እኔም ወደ ሌላው በኩል።

ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረን። ወደፊት የሚሆነውንም ነገረን። ከሁለት ዓመት በፊት ብታመጧቸው ትንሽ ማዘግየት ይቻል ነበር አለ፤ እኛን ለመውቀስ አልነበረም፣ እንዲሁ ነበር ያለው። ሶስና እጄን ያዘችኝ። ሁለት ዓመት። እኔ ለበረከትም ለጋሼም እጅዎ ይባረክ ስል የነበረበት ሁለት ዓመት።

አዲስ ቦይለር ገዛሁ። ይቀየር የተባለበት ጊዜ ሁሉ አልፎ፣ የወይዘሮ ሙሉነሽ ጣራ ከተለሰነ በኋላ ገዛሁ። በረከት ሊገጥመው በመጣበት ቀን ጋሼንም አመጣናቸው። ጽጌ "ይቅርባቸው፣ ይከፋቸዋል" ብላ ነበር፤ እኔ ግን ከእንግዲህ ከሳቸው ተደብቄ አንዲት ብሎን አላስፈታም አልኩ። ወንበር አምጥተን ሻወር ቤቱ በር ላይ አስቀመጥናቸው። አሮጌው ሲወርድ አዩ። በረከት ብቻውን ወደ መሬት ሲያወርደው "ቀስ በል፣ ከባድ ነው" ብቻ አሉ።

በረከት አዲሱን ሰቀለ። ሁሉንም አጥብቆ ከጨረሰ በኋላ ወረደና በአክብሮት ጎንበስ ብሎ "አባቴ፣ እስቲ ይዩልኝ" አላቸው።

ጋሼ ተነሱ። መዳፋቸውን በቧንቧው ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉ፤ ማየት ሳይሆን መስማት ነው የመሰለኝ። አንዱ መገጣጠሚያ ላይ ቆሙ። "እዚህ ጋ ትንሽ ጠበቅ አድርግ" አሉ።

በረከት ቁልፉን አንስቶ መገጣጠሚያውን ያዘው። ዞረ። እውነትም ግማሽ ዙር ያህል ዞረ። በረከት ቁልፉን ዝቅ አድርጎ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጋሼን ጨበጣቸው። ጽጌ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ እየወሰድኩ ነፋስ ስልክ እሄድና አመጣቸዋለሁ። ሶስና ስታጥባቸው ያፍራሉ፤ ወንድ ለወንድ ይሻላል ብለን ተስማምተናል። ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። ውሃውን መጀመሪያ በክንዴ እለካለሁ። ጀርባቸው ላይ ሳፈስ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ፋብሪካ ውስጥ ያቃጠላቸው የብየዳ ጠባሳ ትከሻቸው ላይ አለ፤ ስደርስበት እጄን አላላለሁ። በስሜ ከጠሩኝ ሁለት ወር አልፏቸዋል። አንዳንዴ አባታችን እሆናለሁ፣ አንዳንዴ የፋብሪካ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይደለሁም፤ እንዲሁ ውሃ የሚያፈስ ሰው።

ባለፈው ሐሙስ ሳሙናውን አጥቤላቸው ከጨረስኩ በኋላ ዓይናቸውን ገለጡ። ከላይ የሚወርደውን ውሃ በመዳፋቸው ተቀብለው አዩት።

"ይሞቃል?" አሉኝ።

"ይሞቃል።"

"አያፈስም?"

"አያፈስም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ረክተዋል። "እንግዲያ ጨርሰናል" አሉ። "ዕቃውን ሰብስብና እንሂድ። ያ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚመለስበት ሰዓት ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ።"

ውሃውን ዘጋሁት። ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጌ፣ ሳሙናውንና መፈግፈጊያውን አነሳሁ። "እሺ ጋሼ" አልኳቸው፤ "እንሂድ፣ እንዳይጠብቅ።"